ለሁላችንም ሰላም የሚለው ልጅ

እኔ ሩጫ አልወድም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ በዩኒቨርሲቲ የሩጫ ክበብ አባል ነበርኩ ስል ሰው ሁሉ ዝቅ ብሎ እግሬን ስለሚያይ ነው። የምጽፈውም ስለ ሩጫ አይደለም። በዚያ ክበብ ስላገኘሁት አንድ ጓደኛዬ ነው፤ ከሞተ ዓመታት አልፈዋል። አባቱ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ልጃቸው በሕይወቱ አንድ ቀን እንኳ ሮጦ እንደማያውቅ ያምኑ ነበር። እንዲያምኑ ያደረግናቸው ደግሞ ሲሮጥ በዓይናችን ያየነው እኛ ነን።

ከነጌሌ ቦረና ቡሌ ሆራ ድረስ ለትምህርት ስሄድ ሩጫ ማለት ለእኔ አውቶብስ ሊያመልጥ ሲል የሚደረግ ነገር ነበር። ክበቡ ውስጥ ያስገባኝ እንቅልፍ ነው። ነጌሌ ላይ ሰው ፀሐዩ ሳይበረታ ሥራውን ለመጨረስ ሲል ገና በማለዳ ይነሳል፤ እንዲያ የለመደ ዓይን የትም ቢሄድ በማለዳ ይከፈታል። የክፍሌ ልጆች ብርድ ልብሳቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበው ሲተኙ እኔ ጣራ ጣራውን አያለሁ። ጣራ ማየት ደግሞ ልቅሶ ያመጣል። እናቴ ትናፍቀኛለች፤ ሙቀቱ ይናፍቀኛል፤ በገዛ አገሬ እንደ ባዳ መሆኔ ያናድደኛል። ስለዚህ ነጠላዬን ተከናንቤ እወጣና የኳስ ሜዳውን ስዞር ይነጋል።

አንድ ማለዳ ግዙፍ ልጅ ከጓደኞቹ ተነጥሎ መጣና መንገዴ ላይ ቆመ።

«አንቺ፣ እንደ አውድማ በሬ እዚህ ከምትዞሪ ከእኛ ጋር ብትሮጪ ምን አለበት?»

«በሬ ያልከው ማንን ነው?» አልኩት። ተናዳጅ ነኝ፤ ያኔ ደግሞ ከዛሬው ይብስብኝ ነበር።

«የት አገር ነሽ?»

«ነጌሌ።»

«በቃ፣ ነጌሌ ነሽ። እኔ ያቤሎ ነኝ። ነይ።»

በክበቡ ውስጥ ማንም በስሙ አይጠራም ነበር። ሁሉም የመጣበት ከተማ ነው። ያቤሎ አለቃችን፣ እኔ ነጌሌ፣ እሱ ደግሞ ቦሬ። እሱ የምለው ይህ ጽሑፍ የእርሱ የሆነውን ልጅ ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ከንፈሩ ሁልጊዜ በብርድ እንደተመታ ሰው የሚጠቁር። ከቦሬ ደጋ ስለመጣ ነው ብለን አላሰብንበትም።

የክበቡን ደንብ ለማስረዳት የአገሩን ጠባይ መናገር ግድ ነው። ጉጂም ሆነ ቦረና ዘንድ በመንገድ ላይ ሽማግሌ አግኝቶ ዝም ብሎ ማለፍ የለም። እጅ አውለብልቦ ማለፍም ሰላምታ አይባልም። ይቆማል። አካም ጅርቱ ይባላል። ስለ ቤቱ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ በየተራ ይጠየቃል፤ ለእያንዳንዱም ናጋ፣ ናጋ፣ ሰላም ነው እየተባለ ይመለሳል። ከዚያ ሽማግሌው ደግሞ በተራው ይጠይቃል። የሚቸኩል ሰው ወይ ባለጌ ነው፣ ወይ ክፉ ነገር ደርሶበታል።

ክበቡ ሲቋቋም ታዲያ ይህን ያሰበበት አልነበረም አሉ። ተማሪዎቹ ተከታትለው ከከተማ ወጥተው በቡና እርሻዎቹ መካከል ሽማግሌዎቹን እያለፉ ሲሮጡ መንደሩ ተሸበረ። ሰላም እንኳ ሳይሉ የሚሮጡት ምን ቢፈጠር ነው? ቤት የተቃጠለ፣ ሰው የሞተ መስሏቸው የመንደሩ ጎረምሶች ዱላ ዱላቸውን አንስተው አብረዋቸው መሮጥ ጀመሩ። ክበቡ ወደ ግቢ ሲመለስ ከሄደበት በእጥፍ በዝቶ ነበር፤ ዘበኞቹ ደንግጠው በሩን ዘጉባቸው። ያቤሎ ይህን ሲያወራ ሳቁ መናገር ይከለክለው ነበር።

ከዚያ በኋላ ደንብ ወጣ። ከሁሉም ኋላ የሚሮጥ አንድ ሰው ይኖራል። ሽማግሌ ሲገኝ ሌላው ከሩቅ «ናጋ!» ብሎ ያልፋል፤ የኋላው ሰው ግን ይቆምና ለሁላችንም ሆኖ ሙሉውን ሰላምታ ይሰጣል። ሲጨርስ ሮጦ ይደርስብናል። ሥራው ጉልበትም ጨዋነትም ይፈልጋል። ቦሬ ይህን ሥራ ለምኖ ነው የወሰደው። ሲያነጋግራቸው የሽማግሌዎቹ ፊት የሚበራለት ልጅ ስለነበር የተቃወመ የለም።

በመጀመሪያው ቀን ትንፋሼ ዳገቱ ላይ ካለው ቡና ማጠቢያ ሳንደርስ አለቀ። ሌሎቹ ከዓይኔ ጠፉ። እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ፣ ያቤሎን እየረገምኩ ስጎተት፣ ቦሬ አንድ ቡልኮ የደረቡ ሽማግሌ ፊት ጎንበስ ብሎ ቆሞ አገኘሁት። ሽማግሌው ሁልጊዜ ማለዳ ከቡና እርሻቸው አጥር ሥር የእንጨት ዱካቸው ላይ ተቀምጠው መንገዱን የሚያዩ ሰው ናቸው። ሰላምታው ሲያበቃ ቦሬ ወደ እኔ ዞረ።

«ነጌሌ፣ የቆላ ሰው መሮጥ አይችልም እንዴ?»

«የቆላን ሰው የሚያባርረው ነገር የለም። እናንተን እኮ ብርድ ነው የሚያሯሩጣችሁ።»

ሳቀና ከእኔ ጋር እየተራመደ መጣ። ሩጥና ድረስባቸው ስለው እንቢ አለ። ኪሱ ውስጥ እናቱ የላኩለት የገብስ ቆሎ ነበር፤ እየዘገነ ሰጠኝ። በማግስቱም እንዲሁ። በሳምንቱም እንዲሁ። እኔ ከኋላ የምቀረው ስለምደክም ነው፣ እሱ ደግሞ ሰላም ስለሚል ነው፤ የክበቡ ጭራ እኛ ሁለታችን ሆንን። አባቴ ከሰሜን መጥቶ ነጌሌ የቀረ አስተማሪ ነው፤ ኦሮምኛን የተማርኩት ከጎረቤትና ከገበያ ነበር። ቦሬ በአነጋገሬ ይስቃል። «ያንቺ ኦሮምኛ ከብት ለመሸጥ ይሆናል እንጂ ሽማግሌ ለማነጋገር አይሆንም» ይለኛል። ከዚያ እያረመኝ፣ እያስደገመኝ እንሄዳለን።

እኔ ለእኔ ብሎ የሚዘገይ ነበር የመሰለኝ። ከቤተሰቤ ውጭ ሰው ለእኔ ብሎ ሲዘገይ ያ የመጀመሪያዬ ነው፤ ማንም እንዳይነካብኝ የምሳሳለት ነገር ሆነ። ትምህርቱን ትቼ ወደ ቤት ልመለስ ብዬ ሻንጣ ያዘጋጀሁበት ሰሞን ነበር። በየማለዳው እሱና ያቤሎ ከሴቶች መኝታ በር ውጭ ቆመው «ነጌሌ! ነጌሌ!» እያሉ ይጮሃሉ። ሙሉ ሕንፃው በእኔ ስም ይራገማል። ሳልወድ በግዴ እየተሳደብኩ እወጣለሁ። ወጥቼ ወጥቼ ሻንጣው ተፈታ። ዛሬ ዲግሪ አለሽ የሚለኝ ሰው ቢኖር የእነዚያ ሁለት ልጆች ጩኸት ነው እላለሁ።

እና ሲሮጥ አይቼዋለሁ። ስንመለስ ከቡና ማጠቢያው እስከ አስፋልቱ ድረስ ያለው መንገድ ቁልቁለት ነው። አንድ ቀን ማን ቀድሞ አስፋልት ይነካል ተባለ። ቦሬ ከኋላ ነበር የተነሳው። ቀይ አቧራ እያስነሳ መጀመሪያ እኔን፣ ከዚያ ሌሎቹን፣ በመጨረሻ ያቤሎን አለፈ። እጆቹ ተዘርግተው፣ ሸሚዙ ከጀርባው ተነፍቶ፣ አፉን ከፍቶ እየጮኸ ነበር። እንደዚያ ደስ ያለው ሰው ከዚያ በፊትም በኋላም አላየሁም። አስፋልቱን ነክቶ ተቀመጠና ራሱን በጉልበቶቹ መካከል ደፋ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ እየሳቀ መስሎን እኛም እያጨበጨብን ሳቅን። ለረጅም ጊዜ ቀና አላለም።

በየወሩም አንድ ቀን ያነክስ ነበር። ምን ሆነህ ሲባል «አልጋው ረገጠኝ» ይላል፤ እኛ ደግሞ የቦሬ አልጋ ምን ዓይነት በቅሎ ነው እያልን እንሳለቃለን።

ዓመት አልፎ ጉልበቴ ጠና። አንድ ማለዳ፣ «ከእንግዲህ አትጠብቀኝ፤ ከፊተኞቹ ጋር ልሮጥ ነው» አልኩት። ኩራቴ ልክ አልነበረውም። «እሺ ነጌሌ፣ ሂጂ» አለኝ እየሳቀ። ሄድኩ።

ከዚያ ወዲህ የቦሬ ሰላምታ እየረዘመ መጣ። ድሮ እኛ ዳገቱ ላይ ሳለን ይደርስብን ነበር። በኋላ ዳገቱን ጨርሰን ስንመለስ መንገድ ላይ ይገጥመናል። በሦስተኛው ዓመት ደግሞ ስንመለስ እዚያው ሽማግሌው ዘንድ ነው የምናገኘው፤ አጠገባቸው ተቀምጦ፣ አንዳንዴ የአጥሩን እንጨት ተደግፎ። መንገዳችን ደርሶ መልስ ስለሆነ ያጎደለብን ነገር አልነበረም፤ ከእኛ ጋር ተነስቶ ቁልቁለቱን በዝግታ ይወርዳል።

«ከብቶቹን በየስማቸው እየጠራህ ነው እንዴ ሰላም የምትለው?» ይለዋል ያቤሎ።

«የጥጃዎቹ ይቀረኛል» ይላል ቦሬ።

ሽማግሌውም ደስ ብሏቸዋል። የዛሬ ልጅ እንዲህ አይጠይቅም፤ ይህን ልጅ አባቱ አሳድጎታል ይሉን ነበር። እኛም ኮራንበት። የክበባችን ሰላምተኛ አገር ያስመሰገነ ነው ብለን ለአዲስ ገቢዎች እናወራ ነበር። ሌላ አገር ቢሆን አንድ ሯጭ በየቀኑ ሲዘገይ ሰው ምን ነካው ይል ይሆናል። እኛ ግን የዚህ አገር ልጆች ነን፤ ሰላምታው የረዘመን ሰው ጨዋ ነው እንለዋለን እንጂ ታመሃል ወይ ብለን አንጠይቀውም።

ያን ቀን ሌሊቱን ዘንቦ አድሮ መንገዱ ያንሸራትት ነበር። ስንመለስ ከሩቅ ሳያቸው ሽማግሌው ዱካቸው ላይ አልነበሩም። እርጥቡ መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ቦሬ ራሱን ጭናቸው ላይ አድርጎ ተኝቷል፤ ቡልኳቸውን አልብሰውታል። ቀስ በሉ ብለው በእጃቸው ምልክት ሰጡን።

ያቤሎ ተንበርክኮ ምን ሆነ አላቸው። ሽማግሌው በኦሮምኛ መለሱ።

«ስለ አባቱ ጠየቅኩት። መልሱን እየጠበቅኩ ነው።»

ያቤሎ አዝሎት እስከ አስፋልት ሮጠ። ያን ያህል ክብደት ተሸክሞ እንደዚያ የሚሮጥ ሰው አይቼ አላውቅም። ከዚያ ባጃጅ አግኝተን ሆስፒታል ገባን። አንዲት ነርስ ተቀብላን ስሙ ማን ነው አለች። ያቤሎ «ቦሬ» አለ። ስሙን እናውቀዋለን፤ ግን በዚያች ሰዓት ለአንዳችንም አልመጣልንም። ነርሷ ጎንበስ ብላ ፊቱን አየችና ክው አለች። «ይሄ ልጅ እኮ የእኛ ነው። በየወሩ ለልቡ መርፌ ይወጋል» አለች፤ ከዚያ በስሙ ጠራችው። አልመለሰላትም። «እኛ ዘንድ ሲደርስ ነገሩ አብቅቶ ነበር» አለን ሐኪሙ። በልጅነቱ በጉሮሮ ሕመም ጀምሮ ልቡ ላይ የደረሰ በሽታ ነው፣ እንኳን ሩጫ ዳገት መውጣትም አይፈቀድለትም ነበር አለን። እርስ በርሳችን ተያየን። ለምን ደበቀን ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ቢነግረን ከክበቡ እንደምናስወጣው ያውቃል፤ ለእሱ ብለን እናስወጣው ነበር።

የጓደኛ ኀዘን ባለቤት የለውም። እህቱ ብሆን አጠገቤ ተቀምጠው ያስተዛዝኑኝ ነበር፤ እጮኛው ብሆን ሰው ይገባው ነበር። ሰው ሁሉ «ትዋደዱ ነበር እንዴ?» ብሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይጠይቀኛል። አይ፣ አብረን ከኋላ እንሮጥ ነበር ስል ጥያቄው ያልቃል፤ ከጥያቄው ጋር ማጽናናቱም ያልቃል። ልቤ ተሰብሮ፣ በአንድ ክፍል ከሚያድሩ ልጆች መካከል ኀዘኔን የት እንደማስቀምጠው አጣሁ።

ለቅሶው ቦሬ ከተማ አጠገብ ባለች መንደር ነበር። በኪራይ ሚኒባስ ሄድን። ጉሙ አንዱን ከሌላው አያሳይም። አባቱ ከድንኳኑ ወጥተው ተቀበሉን፤ አላለቀሱም። አስቀመጡንና በተሰባበረ አማርኛ፣ ለያቤሎ ደግሞ በኦሮምኛ እየደገሙ ተናገሩ።

«ስለ እናንተ ሁልጊዜ ነግሮኛል። ሐኪም ሩጫ ከልክሎታል። እሱ ግን ከሯጮች ጋር መሆን ይወዳል። ሰዓት እይዝላቸዋለሁ አለኝ። ሌላ ጓደኛ ቢሆን ና ሩጥ ይለዋል፣ ይገፋዋል። እናንተ ግን ሳታስሮጡት አብራችሁ አኖራችሁልኝ። ተባረኩ።»

እጃቸውን ዘርግተው መረቁን፤ አሜን አልን። ያቤሎ ዓይኑን ከመሬት አላነሳም። ከዚያ አባቱ ወደ እኔ ዞሩ፤ ከመጣነው መካከል ሴት እኔ ብቻ ስለነበርኩ ይሆናል።

«ልጄ፣ ሰዓቱን በደንብ ይይዝ ነበር?»

ሁሉም አዩኝ። እናቱ ከድንኳኑ ጥግ ሆነው ቀና አሉ።

«አዎ አባ» አልኩ። «በደንብ ይይዝ ነበር።»

ሚኒባሱ ውስጥ ያቤሎ «ደህና አደረግሽ» አለኝ።

ስንመለስ አንድ ማለዳ ለመሮጥ ሞከርን። ከኋላ የሚሆን ሰው አልመረጥንም፤ ማንም ነገሩን ሊያነሳ አልደፈረም። ሽማግሌው ጋ ስንደርስ ሁላችንም ቆምን። ሁላችንም በየተራ ሰላም አልናቸው፤ ስለ ቤቱ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ከብቱ። እሳቸው ናጋ፣ ናጋ ይላሉ፣ እንባቸው ይወርዳል። ሰላምታው ሲያበቃ ሩጫውን መልሶ የሚጀምር ጠፋ። በእግራችን ወደ ግቢ ተመለስን፤ ክበቡም በዚያው ቀረ።

አሁን ነጌሌ ውስጥ ቢሮ ነው የምሠራው። ለስልጠና ሐዋሳ ሄጄ ስመለስ መኪናው በቦሬ ያልፋል፤ በተቻለኝ መጠን እየወረድኩ አባቱንና እናቱን እጠይቃለሁ። ሁልጊዜም ስለ ሰዓት አያያዙ ይጠይቁኛል። እኔም በየጊዜው እየጨመርኩ ነገርኳቸው። ሰዓቱን በአንገቱ ያንጠለጥል ነበር፤ ሲሳሳት ያቤሎ ይቆጣው ነበር፤ አንድ ቀን ሰዓቱ ቆሞበት አስቆናል። አንድም እውነት የለበትም። እነሱ ዘንድ ያለው ልጅና እኔ ዘንድ ያለው ልጅ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ሆኑ። የእኔን ልጅ ከልባቸው ሊሰሙ የሚችሉ ሁለት ሰዎች ፊት ተቀምጬ ስለ ሌላ ልጅ አወራ ነበር፤ ከዚያ መኪና ውስጥ እስከ ክብረ መንግሥት አለቅሳለሁ።

ባለፈው ክረምት እናቱ በበልግ እንዳረፉ ሰምቼ ለቅሶ ልደርስ ወረድኩ። አባቱ በራፉ ላይ ብቻቸውን ተቀምጠው ነበር። በጣም አርጅተዋል። ሰላምታችንን ጨረስን። በኋላ እሳቸው ጀመሩ።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ያንገበግበኛል። ሐኪሙ አትሮጥ ሲለው እኔ ዱላ ይዤ ጠበቅኩት። ልጆች ኳስ ሲጫወቱ እሱ ልብሳቸውን ይጠብቃል። እንዲኖርልኝ ብዬ ነው። ያው አልኖረም። አንድ ቀን ብለቀው ምን ነበር? አንድ ቀን ሮጦ ቢሆን ኖሮ ይሄን ያህል አይቆጨኝም።»

«አባ፣ ሮጧል» አልኩ። «ዋሽቼዎታለሁ። ሰዓት ይዞ አያውቅም። ከእኛ ጋር ይሮጥ ነበር።»

ጉሙን እያዩ ቆዩ። ቁጣቸውን ጠበቅኩ፤ ቢቆጡኝም ደስታዬ ነበር።

«ፈጣን ነው?» አሉኝ።

«በጣም።»

«ማንን ቀደመ?»

የቁልቁለቱን ነገርኳቸው። ያቤሎን እንዴት እንዳለፈው፣ እጁን እንዴት እንደዘረጋ፣ እንዴት እንደጮኸ። እንደገና ንገሪኝ አሉ፤ እንደገና ነገርኳቸው። በሦስተኛው ላይ ጥርሳቸው ታየ። እጃቸውን ጭናቸው ላይ መታ አደረጉና «ያን ትልቁን ልጅ?» አሉ፤ «ያን ትልቁን ልጅ ቀደመው?» ዓይናቸው ሞላ። ከዚያ ለሚስታቸው ሊነግሩ ወደ ቤቱ ውስጥ ዞሩ፤ አፋቸውን ከፍተው ቆሙ። ቀስ ብለው ወደ እኔ ተመለሱ።

«እናቱ እኮ» አሉ፣ «ልጄ እንደ ልጅ ሳይሮጥ አፈር ገባ እያለች ነው የሞተችው። እስከ መጨረሻዋ ቀን። ምነው ትንሽ ቀደም ብለሽ ብትነግሪን?»

ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ጠጋ ብዬ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።